«ግምት ነው» ብሎ መተው ግምትን አያስቀርም፦ በአባላዘር በሽታ ሞዴሎች ላይ ለተጻፈው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። የአባላዘር በሽታዎች እንዴት እንደሚዛመቱ በኮምፒውተር ሞዴል ማጥናት ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ ለታማሚዎች ከልብ የሚቆረቆር ነው። ለዚህም ነው ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸገረው፤ አንባቢን ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ የሚወስደው ቅንነቱ ነውና።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በቅድሚያ የጸሐፊውን ክርክር እርሳቸው ራሳቸው በሚቀበሉት መልክ ላስቀምጥ። ሞዴል ግምትን ቁጥር ማልበስ ነው፤ ያስገቡለትን መልሶ ይሰጣል። የሰው የወሲብ ሕይወት በቀመር አይያዝም፤ ሰዎችም ሲጠየቁ እውነቱን አይናገሩም። ሞዴሎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ትንበያዎቻቸው ከሽፈዋል። በሰዎች ላይ የሚካሄድ ሙከራ እያለ ሞዴል ትርፍ ነው። ሞዴል ጥቂት ሰዎችን «ዋና አስተላላፊ» እያለ ይፈርጃል። ስለዚህ ገንዘቡ ለመመርመሪያና ለመድኃኒት ይዋል። ከእነዚህ መካከል በሁለቱ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ በአንዱ ደግሞ ከግማሽ በላይ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያስገቡለትን መልሶ ይሰጣል?

ይህ አባባል ለአንድ መስመር ስሌት እንኳ አይሠራም። ሁሉም ሰው ተጋላጭ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ የተያዘ ሰው በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል? ይህ ቁጥር አር ዜሮ ይባላል። ለአባላዘር በሽታ የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ በአንድ አጋርነት ውስጥ በሽታው የመተላለፍ ዕድል፣ በዓመት የሚኖሩ አዳዲስ አጋሮች ብዛት፣ ሰውየው ማስተላለፍ የሚችልበት ጊዜ ርዝመት። ብዜቱ ከ1 በላይ ከሆነ በሽታው ይዘልቃል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይከስማል።

100 ሰዎች እንውሰድ። 95ቱ በዓመት 1 አዲስ አጋር፣ 5ቱ ደግሞ 20 አዳዲስ አጋሮች አሏቸው። በሽታው ጨብጥ ይሁን፤ በአንድ አጋርነት የመተላለፍ ዕድሉ 0.5፣ የሚቆይበት ጊዜ 3 ወር፣ ማለትም 0.25 ዓመት እንበል። ቁጥሮቹን የመረጥኋቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። አማካዩ የአጋር ብዛት (95 + 100) ÷ 100 = 1.95 ነው። 0.5 × 1.95 × 0.25 ሲባዛ 0.24 ይመጣል። በዚህ ስሌት መሠረት ጨብጥ ገና ድሮ በራሱ ጊዜ መጥፋት ነበረበት።

አልጠፋም። ስህተቱ ያለው አማካዩ ላይ ነው። ብዙ አጋር ያለው ሰው በሽታውን ለብዙዎች ያስተላልፋል፤ በዚያው ልክ በሽታው እሱ ጋ የሚደርስባቸው መንገዶችም ብዙ ናቸው። የአጋሮቹ ብዛት አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሲወጣ፣ ሁለት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ በቀመሩ መግባት ያለበት ተራው አማካይ ሳይሆን፣ የአጋሮች ብዛት ካሬ አማካይ ለተራው አማካይ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሮበርት ሜይ እና ሮይ አንደርሰን በ1987 ስለ ኤች አይ ቪ ስርጭት ሲጽፉ ያስቀመጡት ይህንኑ ነው። በእኛ ምሳሌ (95 × 1 + 5 × 400) ÷ 100 = 20.95 ይሆናል፤ ለ1.95 ሲካፈል 10.74። አር ዜሮም 0.5 × 10.74 × 0.25 = 1.34። ያው ማኅበረሰብ፣ ያው በሽታ፣ ያው አማካይ፤ አሁን ግን በሽታው ይዘልቃል።

1.34ን ማንም አላስገባም። የገባው 95፣ 5፣ 1፣ 20፣ 0.5 እና 0.25 ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ በሽታው ይዘልቃል ወይስ ይከስማል የሚለውን በዓይን አይቶ የሚናገር ሰው የለም።

አንድ እርምጃ እንጨምር። ክሊኒኩ ሠርቶ የ5ቱን ሰዎች የሕመም ጊዜ ከ3 ወር ወደ 2 ወር ቢያሳጥረው፣ የ95ቱ ግን እንዳለ ቢቆይ፣ አር ዜሮ ወደ 0.92 ይወርዳል፤ ጨብጥ ይከስማል። በተቃራኒው የ95ቱን ጊዜ ወደ 2 ወር አሳጥረን 5ቱን ብንተዋቸው ውጤቱ 1.32 ነው፤ ከቀድሞው ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ ስሌት አጋር ሲመረጥ ማዳላት የለም ብሎ ያስባል፤ ብዙ አጋር ያላቸው እርስ በርሳቸው ይበልጥ የሚገናኙ ከሆነ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ስለዚህ በእውነተኛ ጥናት ይህም ይፈተሻል። ኸርበርት ሄትኮትና ጄምስ ዮርክ በ1970ዎቹና በ1984 በጨብጥ ላይ የሠሩት ሥራ ፍሬው ይህ ነበር፦ ስርጭቱን ተሸክሞ የሚያቆየው ትንሽ ክፍል ነው፣ የታካሚን አጋር ፈልጎ ማከምም ሁሉንም በጅምላ ከመመርመር ይልቅ ብዙ ሊፈይድ ይችላል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ። ሞዴል ትተን ሁሉንም እኩል እንመርምር ሲሉ፣ አማካዩ ይበቃል የሚል ሞዴል በአእምሯቸው ይዘዋል። እሱም ታሳቢ አለው፤ ልዩነቱ ሌላ ሰው ሊያየውና ሊያርመው በሚችልበት ወረቀት ላይ አለመስፈሩ ነው።

የምስማማበት ነገር አለ። የመተላለፍ ዕድሉ በትክክል ካልታወቀ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ አንድ መስመር መሳል አንባቢን ማሳሳት ነው። ደህና ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ መለኪያ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ክልል ይሰጠዋል፤ ከክልሎቹ ውስጥ ብዙ ሺህ ጥምረቶች ይወጣሉ፤ ሞዴሉ በእያንዳንዱ ጥምረት ይካሄዳል፤ በዕድሜና በፆታ ተለይቶ የተለካውን የበሽታ መጠን የማይደግም ጥምረት ይጣላል፤ ትንበያ የሚሰጠው በተረፉት ሁሉ ነው። የተረፉት የሚለያዩበት ስፋት አብሮ ካልቀረበ ጽሑፉን አትመኑ።

ሰዎች ይዋሻሉ

አዎ፣ ስለ ወሲብ ሲጠየቁ ወንዶች ወደ ላይ፣ ሴቶች ወደ ታች ያዘነብላሉ። ግን ይህ መዛባት በምን ይታወቃል? 1,000 ወንዶች በዓመት በአማካይ 4 ሴት አጋሮች ነበሩን ቢሉ፣ 1,000 ሴቶች ደግሞ በአማካይ 2 ወንድ አጋሮች ቢሉ፣ የወንዶቹ ድምር 4,000፣ የሴቶቹ 2,000 ነው። ማኅበረሰቡ ዝግ ከሆነ ግን እያንዳንዱ አጋርነት ሁለት ጫፍ ስላለው ድምሮቹ እኩል መሆን አለባቸው። መጠይቁ ብቻውን ተቀምጦ ይህን አይናገርም። ሰዎችን የሚያጣምር ሞዴል ግን ሳይመጣጠን ሥራ አይጀምርም፤ 2,000 አጋርነት የት ገባ ብሎ ያስቆማል። ወንዶቹ አጋንነው ነው? ሴቶቹ ደብቀው ነው? ወይስ ቤት ለቤት የተሠራው ጥናት ብዙ አጋር ያላቸውን ጥቂት ሴቶች ሳያገኛቸው ቀርቶ? ሦስቱም ወደተለያየ የስርጭት መጠን ይወስዳሉ። ሦስቱንም አካሂዶ ማሳየት እንጂ በዘፈቀደ መሐል ላይ ማስታረቅ አይበቃም።

ሁለተኛው ማረሚያ ደም ነው። የብልት ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ፣ የኸርፒስ ሲምፕሌክስ ሁለት፣ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨው፣ በደም ምርመራ የሚታይ ነገር) ሰውነት ውስጥ ዕድሜ ልክ ስለሚቆይ፣ ሰዎች ከዚህ ቀደም ምን ያህል እንደተጋለጡ ይናገራል። ከመጠይቁ የተነሣው ሞዴል በአንድ የዕድሜ ክልል 5 በመቶ ቢል፣ የደም ምርመራው ደግሞ 15 በመቶ ቢል፣ ከመልሶቹ ውስጥ የጎደለ ነገር እንዳለ በቁጥር ይታወቃል።

የሰው ሕይወት በቀመር አይያዝም ለሚለው፣ ሞዴሉ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ስንት ሰው ስንት አጋር እንዳለው፣ ለምን ያህል ጊዜ አብረው እንደሚቆዩ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመር እንደሆነ ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ የሞዴል ልጅ ነው። በዓመት ሁለት አጋር ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ አንዱ የመጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን የጀመረ፣ ሌላው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የያዘ። በመጀመሪያው ሁኔታ ከሁለተኛው አጋር የመጣ በሽታ ወደ መጀመሪያው አጋር መመለሻ የለውም፤ በሁለተኛው አለው። ማርቲና ሞሪስና ሚርያም ክሬችማር በ1997 ይህን በሲሙሌሽን ሲያሳዩ፣ ስንት አጋር ነበረህ የሚለው ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እያንዳንዱ መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳበቃ መጠየቅ እንዳለበት ግልጽ ሆነ። በሰፊው በተስፋፋ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ውስጥ ይህ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩ ራሱ ግን ቀን የሚጠይቅ መጠይቅ ከመኖሩ በፊት ሊካሄድ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተወው ነገር አለ። ሰዎች በሽታው ሲበዛ ፈርተው ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ ሲቀንስ ይመለሳሉ። ብዙ ሞዴሎች ግን ጠባይን ባለበት አቁመው ያሰላሉ። በ2005 የአሜሪካ ቂጥኝ በየ8 እስከ 11 ዓመቱ ከፍ ዝቅ የሚለው በሰዎች የመከላከል አቅም መምጣትና መሄድ ነው የሚል የሞዴል ጥናት ወጣ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ዑደት መኖሩን ራሱን በኋላ ተከራከሩት። የጠባይ ለውጥን ከመከላከል አቅም መለየት ከባድ ነው፤ ይህ ድክመት አለ።

አይስማሙም

ይስማማሉም፣ አይስማሙምም፤ ዋናው የት ላይ እንደሆነ ማየት ነው። በ2012 የደቡብ አፍሪካን የኤች አይ ቪ ሕክምና የሚመለከቱ 12 የተለያዩ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተሰጥቷቸው ተነጻጸሩ። ሕክምና ከሚገባቸው 80 በመቶው ቢያገኙና ከጀመሩት 85 በመቶው ከ3 ዓመት በኋላ በሕክምናው ላይ ቢገኙ፣ ከ8 ዓመት በኋላ አዲስ የሚያዙ ሰዎች መጠን ሕክምናው ባይኖር ከሚሆነው ከ35 እስከ 54 በመቶ ያነሰ ይሆናል አሉ። በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ መንገድ ለተሠሩ 12 ሥራዎች ይህ ቅርርብ ነው። የተራራቁት ወደ ረጅሙ ዘመን ሲሄዱ ነበር። ለበጀት የሚያስፈልገውን የቅርቡን ጊዜ ተቀብሎ የሩቁን በጥንቃቄ መያዝ ይቻላል፤ ሁለቱንም መጣል ግን ከዚህ ንጽጽር አይወጣም።

ብዙ ጊዜ ምልክት በማያሳየው የአባላዘር በሽታ፣ በክላሚዲያ ላይ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። በ2009 ሦስት የታወቁ ሞዴሎች ለአንድ ዓይነት የምርመራ ፕሮግራም በጣም የተለያየ ውጤት ሰጡ። በክላሚዲያ ሞዴሎች ላይ ውጤትን ከሚያራርቁት አንዱ ቁልፍ ነገር ዳግም መያዝ ነው። የተመረመረችው ሴት ታክማ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያልታከመ አጋሯ ይጠብቃታል። ሰዎችን በጥቅል ክፍል እየመደበ የሚያሰላ ሞዴል ይህን አጋር አያውቀውም፤ የታከመችውን ሴት ከሌላው ሕዝብ ጋር ደባልቆ ስለሚያያት የምርመራውን ጥቅም ያጋንናል። ጥንዶችን አንድ በአንድ የሚከታተል ሞዴል ግን ሴትየዋን በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሳ ስትያዝ ያያል። ባልታከመ ሰው ላይ ክላሚዲያ ስንት ወር ይቆያል የሚለው ታሳቢም ውጤቱን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል። እንዲህ ያለው አለመስማማት የአጋር ሕክምና የምርመራ ፕሮግራም ጥገኛ ሳይሆን ዋና አካሉ ሆኖ መታየት እንዳለበት ያሳያል።

ከዚህ በታች የሚወርድ፣ ምንም የማያስተምር ልዩነትም አለ፤ በአሠራር ጉድለት የሚመጣው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር፤ ስላላነሡት እኔው ላንሣላቸው። አንዱ የጊዜ እርምጃ ነው። ሕመሙ በአማካይ 3 ወር የሚቆይ ከሆነ የማገገም ፍጥነቱ በዓመት 4 ነው። በወር በወር የሚራመድ ሞዴል ላይ 4ን ለ12 አካፍሎ 0.33 ዕድል ብሎ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ በወሩ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ዕድል 0.28 ነው። በዓመት በዓመት ለሚራመድ ደግሞ ዕድሉ 4 ይሆናል፣ ይህም ትርጉም የለውም። ለጨብጥ የሳምንት ወይም የቀን እርምጃ ይሻላል።

ሌላው የሕዝቡ መጠን ነው። የበሽታው መጠን 0.5 በመቶ ሆኖ ሞዴሉ 1,000 ሰው ብቻ ከያዘ፣ የተያዙት 5 ናቸው። አምስቱም በአጋጣሚ በአንድ ወር ቢያገግሙ በሽታው ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ሠራ ተብሎም ይጻፋል። መፍትሔው ቢያንስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መያዝ፣ ያለ ፕሮግራሙም በዚያው ልክ ብዙ ጊዜ ማካሄድና ስንቱ በራሱ እንደጠፋ ማሳየት ነው። ከ200 ዙር በ100ው በሽታው ጠፍቶ በ100ው ቢዘልቅ፣ የ200ው አማካይ የትኛውንም አይገልጽም። ሦስተኛው መቸኮል ነው፦ ሞዴሉ መጀመሪያ ከተዘራበት ጥቂት በሽተኛ ተነሥቶ የተረጋጋ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ፕሮግራሙን ማስገባት። ያኔ የሚታየው ከፍና ዝቅ የፕሮግራሙ ይሁን የአነሣሡ መለየት አይቻልም።

ትንበያው ከሸፈ

ጸሐፊው ሁለት ማስረጃ አቅርበዋል። የመጀመሪያው በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ያሳተሙት ሞዴል ነው። ከ15 ዓመት በላይ ያለ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ቢመረመርና ቫይረሱ የተገኘበት ወዲያው መድኃኒት ቢጀምር፣ በ10 ዓመት ውስጥ አዲስ የሚያዙት በዓመት ከ1,000 ሰው ከ1 በታች ይወርዳሉ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል የተካሄደው ሙከራ ልዩነት አላሳየም። በዛምቢያና በደቡብ አፍሪካ በ21 ማኅበረሰቦች የተካሄደው ደግሞ በአንዱ ቡድን 30 በመቶ፣ በሌላው 7 በመቶ ብቻ ቅናሽ አሳየ፤ 7ቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም።

ሐቁ እንደተባለው ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ሞዴሉ ይህ ቢሆን ነው ያለው፤ ይህ ሆነ ወይ ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ድርሻ ነው። በክዋዙሉ ናታል ሰዎች ተመርምረው ወደ ሕክምና ለመግባት ዘገዩ፤ ብዙዎችም ሳይገቡ ቀሩ። ሥራ ፍለጋ የሚንቀሳቀሱ ሰዎችና ወጣት ወንዶች በቤት ለቤት ምርመራ ለመገኘት አስቸጋሪ ነበሩ። ከማኅበረሰቡ ውጭ ካለ አጋር የሚመጣ በሽታም ማኅበረሰቡ ውስጥ በተሰጠ ሕክምና አይቆምም። መድኃኒቱ ራሱ አልከሸፈም፤ በጥንዶች ላይ የተሠራው ሙከራ በ2011 የመተላለፍ መቀነሱን ከ90 በመቶ በላይ አድርጎ አሳይቷል። የተሰበረው ሰንሰለት በምርመራና በመጀመሪያው ክኒን መሐል ያለው ነው። የሞዴሉ ጸሐፊዎች ጥፋት ይህን ቀለበት ፍጹም አድርገው መሳላቸው ነው፤ በጊዜው ከእነሱ ጋር የተከራከሩት ብዙዎች ደግሞ ራሳቸው ሞዴል ሠሪዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ማስረጃ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በ2006 39.5 ሚሊዮን ሰዎች ከኤች አይ ቪ ጋር ይኖራሉ ካለ በኋላ በ2007 ወደ 33.2 ሚሊዮን ማውረዱ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተው ዋናው ነገር ስሌቱ ሳይሆን መረጃው ነበር። ቀደም ሲል ግምቱ በአብዛኛው የተመሠረተው የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ ሴቶች ምርመራ ላይ ነው፤ እነዚህ ክሊኒኮች ደግሞ ወደ ከተማ ያዘነብላሉ። ቤት ለቤት የደም ናሙና መሰብሰብ ሲስፋፋ ቁጥሩ ዝቅ አለ፤ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከህንድ ነው። አዲስ መረጃ መጥቶ አሮጌውን ግምት በአደባባይ ያረመ አሠራር፣ ሊመሰገን እንጂ የውድቀት ምሳሌ ሊሆን አይገባም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱትንም ልጨምር። የማኅፀን በር ካንሰርና የብልት ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ፣ የኤች ፒ ቪ፣ ክትባት ሲመጣ ሞዴሎች ሴት ልጆችን ብቻ መከተብ ከሴቶች ጋር የሚገናኙ ያልተከተቡ ወንዶችንም እንደሚጠብቅ አስቀድመው ተናግረው ነበር። አውስትራሊያ በ2007 ሴት ልጆችን መከተብ ጀመረች፤ ወንዶች ልጆች የገቡት በ2013 ነው። በመሐሉ፣ በ2011፣ በአባላዘር ክሊኒኮች ከታዩት ከ21 ዓመት በታች ሴቶች መካከል የብልት ኪንታሮት የተገኘባቸው ከ11.5 በመቶ ወደ 0.85 በመቶ ወረዱ። በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉ፣ ከሴቶች ጋር ብቻ የሚገናኙ ወንዶች ደግሞ ከ12.1 ወደ 2.2 በመቶ። እነዚህ ወንዶች በፕሮግራሙ አልተከተቡም ነበር።

ሙከራ እያለ ሞዴል ለምን?

ሁለት ሙከራ ተቃራኒ መልስ ሲሰጥስ? በታንዛኒያ ምዋንዛ በ1995 የታተመው ሙከራ ለአባላዘር በሽታዎች በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕክምና ሲያሻሽል አዲስ የኤች አይ ቪ ተያዦች 40 በመቶ ገደማ ቀነሱ። በኡጋንዳ ራካይ በ1999 የታተመው ደግሞ በየ10 ወሩ ለሕዝቡ በጅምላ መድኃኒት ሰጥቶ በኤች አይ ቪ ላይ ምንም ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ሙከራን ብቻ የሚቀበል ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ከመጣል በቀር መንገድ የለውም።

ሞዴሎች ሁለቱን ሕዝቦች በየራሳቸው የበሽታ መጠንና ጠባይ ሠርተው ሕክምናዎቹን አፈራርቀው ሞከሩ፤ የምዋንዛውን ለራካይ፣ የራካይን ለምዋንዛ። ከልዩነቱ ብዙው የመጣው ከሕክምናው ዓይነት ሳይሆን ከሕዝቡ ሆኖ ተገኘ። በራካይ ወረርሽኙ የቆየ ነበር፣ የሰዎች ጠባይም ከዚያ ቀደም ተለውጧል፤ በመድኃኒት የሚድኑት እንደ ጨብጥ፣ ቂጥኝና ከርክር ያሉ በሽታዎች ቀንሰው፣ በእነዚያ መድኃኒቶች የማይነካው ኸርፒስ ድርሻው ጨምሮ ነበር። የእነዚህ በሽታዎች ሕክምና ኤች አይ ቪን የሚቀንሰው በሽታዎቹ ለቫይረሱ መንገድ ስለሚከፍቱ ነው፤ በራካይ ግን የሚድኑትን በማከም የሚዘጋው መንገድ ጠቦ ነበር። ለፖሊሲ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ሕክምናው ይሠራል ወይ ከሚለው ይልቅ በየትኛው የወረርሽኝ ደረጃ ላይ ይሠራል የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ይህን ለማወቅ ሦስተኛና አራተኛ ሙከራ ማካሄድ ዓመታት ይወስዳል፤ በእነዚያ ዓመታት ሰዎች ይያዛሉ።

መፈረጅ

በዚህ ነጥብ ነው ጸሐፊው ከግማሽ በላይ እውነት ያላቸው። ከላይ በምሳሌዬ 5ቱን ሰዎች ለይቼ ስርጭቱን ተሸክሞ የሚያቆየው ክፍል ብያለሁ። ቃሉ ከሂሳብ ወጥቶ ወደ ጋዜጣና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በብዙ አገር ታይቷል፤ የወሲብ ሥራ የሚሠሩ ሴቶች የበሽታ ምንጭ ተደርገው ተሳደዋል። ሞዴል ሠሪ ይህ የኔ ጉዳይ አይደለም ሊል አይችልም።

ሆኖም ስሌቱ የሚለውን በትክክል እናንብበው። እነዚያ 5 ሰዎች ከሌላው ይልቅ በብዙ አቅጣጫ በሽታ የሚመጣባቸው፣ ከሁሉም ቀድሞ ሕክምና የሚገባቸው ናቸው። የሕመማቸው ጊዜ በአንድ ወር ሲያጥር ለ95ቱም ይተርፋል፤ ሲሳደዱና ሲደበቁ ግን የሕመሙ ጊዜ ይረዝማል። ከ2 ወር ወደ 4 ወር ቢረዝም አር ዜሮ ከ0.92 ወደ 1.77 ይወጣል፤ ሊከስም የነበረው በሽታ ይስፋፋል። ማሳደድ ለምን እንደሚጎዳ በቁጥር ማሳየት የሚችለው ያው የተወቀሰው ስሌት ነው። ስያሜውን ማረም፣ ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር መነጋገር፣ ካርታ ላይ ሰፈር ለይቶ አለማውጣት፤ እነዚህን ጸሐፊው ቢጠይቁ አብሬያቸው እጠይቃለሁ።

ገንዘቡ

የመጨረሻው ክርክር አጭር መልስ ይበቃዋል። ሞዴል ለመሥራት ዋናው ወጪ የባለሙያ ጊዜና ኮምፒውተር ነው፤ እንደ ኤፒሞዴል ያሉ ሶፍትዌሮች ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። መረጃ መሰብሰቡ ውድ ነው፤ እሱ ግን ሞዴል ኖረም አልኖረም ያስፈልጋል።

ጸሐፊው የችግሩን ስፋት ለማሳየት በመጀመሪያው አንቀጻቸው የዓለም ጤና ድርጅትን ቁጥር ጠቅሰዋል፦ በ2020 በክላሚዲያ፣ በጨብጥ፣ በቂጥኝና በትሪኮሞኒያሲስ 374 ሚሊዮን አዲስ የመያዝ ክስተቶች። እነዚህን ማንም አልቆጠራቸውም፤ አብዛኞቹ ምልክት ስለማያሳዩ ክሊኒክ አይደርሱም። ቁጥሩ የተገኘው በናሙና ጥናት በአንድ ወቅት ተይዘው የተገኙትን መጠን ገምቶ፣ በሽታው በአማካይ ለሚቆይበት ጊዜ በማካፈል ነው። ለምሳሌ በአንድ ቦታ በማንኛውም ቀን 4 በመቶው ሰው ክላሚዲያ ቢኖርበት፣ በሽታው 1 ዓመት ይቆያል ካልን በዓመት ከ100 ሰው 4 አዲስ ተያዥ አለ፤ ግማሽ ዓመት ነው የሚቆየው ካልን 8። ጸሐፊው እንዲገዙ የጠየቋቸው መመርመሪያዎችና መድኃኒቶች ብዛት የሚታቀደው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው፤ 4 ነው ወይስ 8 የሚለውም በቆይታው ጊዜ ታሳቢ ላይ ያርፋል።